ደብዳቤያችን በኪሳችን፣ ቁልፉም በእጃችን ይሁን

(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያደረጉት ንግግር። ስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባሎች ሲባል ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃው ትንሽ ይሁን እንጂ ጉዳዩ ትልቅ ነው። ይኸውም በፍላሽ ተይዞ ስለሚዞር የኢሜይል ፕሮግራም ነው።

እንደሚታወቀው ብዙዎቻችን የራሳችን ኮምፒውተር የለንም። ስልክ አለን። ነገር ግን የሥራ ማመልከቻ ለመጻፍ፣ የትምህርት ማስረጃ አያይዞ ለመላክ፣ ልጃችን ከዓረብ አገር የላከችውን የሥራ ውል ለማተም ስንፈልግ የምንሄደው ወደ ማኅበሩ ኮምፒውተር ወይም ወደ ኢንተርኔት ቤት ነው። እዚያ ኢሜይላችንን እንከፍታለን፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ብድግ ብለን እንወጣለን። ሳንዘጋው ከወጣን ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ደብዳቤያችንን ያነባል። በአንድ ኢንተርኔት ቤት የማላውቀው ሰው የፓስፖርት ኮፒ ከነፎቶግራፉ ስክሪኑ ላይ ቀርቶ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ ይህን ቢያውቅ እንቅልፍ ይወስደው ነበር ወይ?

ለዚህ የሚረዳን ተንደርበርድ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሞዚላ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን ሙሉ እትም ያወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬም ያለ ክፍያ ይገኛል። ለፍላሽ የተዘጋጀው ተንደርበርድ ፖርታብል ይባላል፤ ከፖርታብል አፕስ ዶት ኮም ላይ ይወርዳል። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ይሠራል። ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አያስፈልገውም፤ ከፍላሹ ላይ ይከፈታል። ደብዳቤውም፣ የአድራሻ መዝገቡም የሚቀመጠው እዚያው ፍላሹ ላይ ነው። ፖስታ ሣጥንን በኪስ ይዞ እንደመሄድ ቁጠሩት።

ሌላም ጥቅም አለው። ኔትወርክ ሲኖር ደብዳቤውን ያወርዳል። ኔትወርኩ ቢጠፋም የወረደውን ማንበብ፣ መልሱንም ጽፎ ማቆየትና በኋላ መላክ ይቻላል። በደቂቃ ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አካውንት ስታስገቡ አይማፕ ወይስ ፖፕ የሚል ምርጫ ይመጣል። አይማፕን ምረጡ። በአይማፕ ዋናው ደብዳቤ ኢሜይሉን ከሚሰጠው ድርጅት ዘንድ ይቆያል፤ ፍላሹ ላይ ያለው ቅጂ ነው። በፖፕ ግን ደብዳቤው ከወረደ በኋላ ከድርጅቱ ዘንድ ሊሰረዝ ይችላል። ያን ጊዜ ፍላሹ ከጠፋ ደብዳቤውም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፍላሽ ይጠፋል እኮ! ታክሲ ውስጥ ይወድቃል፣ ከሱሪ ጋር ይታጠባል፣ ልጆች ፊልም ሊገለብጡበት ይወስዱታል። ስለዚህ የሚከተሉትን አደራ እላለሁ።

1ኛ/ ተንደርበርድ ላይ ዋና የይለፍ ቃል አውጡ። ያለዚያ ፍላሹን ያገኘ ሰው የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ማየት ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ቁልፍ የይለፍ ቃሎቹን እንጂ ደብዳቤዎቹን አይቆልፍም። ደብዳቤውን ለመቆለፍ ፍላሹ በሙሉ መቆለፍ አለበት። ይህን የሚሠራው ቢትሎከር የዊንዶውስ ፕሮ እትም ላይ ይገኛል። አንዴ ከተቆለፈ በኋላ ተራው ዊንዶውስም በይለፍ ቃሉ ይከፍተዋል።

2ኛ/ ፍላሹን ከመንቀላችሁ በፊት ፕሮግራሙን ዝጉ፣ ከዚያም ኢጀክት በሉት። ሰዓት አለቀ ብሎ መንጭቆ የነቀለ ሰው ደብዳቤው ሊበላሽበት ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

3ኛ/ ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ፋይል ስታወርዱ ማስቀመጫው ፍላሹ መሆኑን አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጠ እንደዚያ ፓስፖርት እዚያው ይቀራል።

4ኛ/ የምትጽፉትን ፊደል ሁሉ የሚሰርቅ ቫይረስ አለ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ አያድናችሁም። የማታምኑት ቦታ አትክፈቱ።

5ኛ/ ፍላሹ ከጠፋ ዕለቱን የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ጂሜይል ያላችሁ ደግሞ ለተንደርበርድ የሰጣችሁትን ፈቃድ ከጉግል አካውንታችሁ ላይ ሰርዙ። ነገ ዛሬ አትበሉ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበል። ጎረቤት ለጎረቤት ቡና ይጠራራል፣ ጨው ይበዳደራል። የይለፍ ቃል ግን አይበዳደሩትም። ማሽኑን ማስነሳት ያቃተው አባል ቢሮ ይምጣ፤ አብረን እንሠራለን። የይለፍ ቃሉን ግን ባለቤቱ በገዛ እጁ ይጻፍ። እኔ ጸሐፊው እንኳ ብጠይቃችሁ አትንገሩኝ።



የማኅበሩ ጸሐፊ