ቡታጅራ ያስተማረችን



ስለ ሀገር በቀል ዕውቀትና ስለ ማስተማር እንድናገር ስጠየቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ምሳሌው እዚሁ ቤታችን አለ። በፈረንጆቹ 1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት የሚመዘግቡት የአካባቢው ልጆች ነበሩ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመምን ለማጥናት እዚያው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠየቁ። አንደኛው መንገድ ውጭ ሀገር ተዘጋጅቶ የተተረጎመ መጠይቅ ነው። ሁለተኛው መንደሩን የሚያውቁ ሰዎችን «እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የታወቁ ምልክቶች ያሏቸውን የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች በመለየት የመንደሩ ሰዎች ከመጠይቁ በለጡ። የስሜት መታወክን በመለየት ግን መጠይቁ ተሻለ። ሁለቱም አስፈለጉ ማለት ነው።

ይህን እኮ ያሳዩን የገዛ መምህሮቻችን ናቸው! ወደ ክፍል ስንመለስስ? ተማሪያችን ሂስትሪ መውሰድን በእንግሊዝኛ ይማራል፣ በእንግሊዝኛ ያቀርባል፣ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ከዚያ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ይመደብና ጉራጊኛ ብቻ ከምትናገር እናት ፊት ይቀመጣል። የአሥር ዓመት ልጇ ያስተረጉማል። ስለ ማሕፀኗ ሕመም በልጇ አፍ የምትናገር እናት የት አለች? ዝም ትላለች። ካርዱ ላይ ግን «የላትም» ተብሎ ይጻፋል።

ወጌሻውንም እናንሳ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ጋ ነው፤ ቤትም የተቀቀለ አሚቾ ይሰጠዋል። ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ ጋንግሪን የሆነ እግር ያየ ሐኪም፣ ባህላዊ የሆነ ሁሉ ትክክል ነው አይልም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ወጌሻውን ሰው ብለን ካላነጋገርነው፣ ጣት ሲቀዘቅዝና ሲጠቁር ማሰሪያውን ፈትቶ ቶሎ እንዲልክልን ማን ይነግረዋል?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ተማሪዎቻችን ለመስክ ልምምድ በሚወጡበት አካባቢ ቋንቋ ሂስትሪ መውሰድን ይለማመዱ፣ ይፈተኑበትም። የልምድ አዋላጆችና ወጌሾች ደግሞ አስተማሪ ሆነው ይጋበዙ፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ መምህር አበል ይከፈላቸው። ለመጀመሪያው ዓመት ወጪው ከማኅበራችን አቅም በላይ አይሆንም፤ መዋጮውን ዛሬ ማታ ልንጀምረው እንችላለን።