የካፓብላንካ መታሰቢያ ውድድር



ዛሬ የምነግራችሁ አባቶቻችን ይጫወቱት ለነበረው ለሰንጠረዥ የቅርብ ዘመድ ስለሆነው ስለ ቼዝ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሆሴ ራውል ካፓብላንካ በ1888 በሐቫና ተወለደ። በ1921 በዚያችው ከተማ ጀርመናዊውን ላስከርን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1927 በአሌክሂን ተሸነፈ፤ በ1942 በኒው ዮርክ ዐረፈ። አገሩ ኩባም በ1962 በስሙ የመታሰቢያ ውድድር ጀመረችለት። የመጀመሪያውን ያሸነፈው የአርጀንቲናው ናይዶርፍ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የ1965ቱ ነው። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ተጋብዞ ሳለ የአገሩ መንግሥት ወደ ኩባ እንዳይሄድ ከለከለው። እርሱም በኒው ዮርክ በማርሻል የቼዝ ክበብ ተቀምጦ ጨዋታውን በቴሌታይፕ ይልክ ጀመር። በሐቫና በእርሱ ፈንታ ጠጠሮቹን ያንቀሳቅስ የነበረው ማን ይመስላችኋል? የካፓብላንካ ልጅ!

መልእክቱ እስኪመላለስ ጨዋታው እጅግ ይረዝማል። ታዲያ እያንዳንዱ ተጋጣሚ በዚህ ሲደክም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፊሸር ግን 21 ጊዜ ደከመ። እንዲህም ሆኖ የሶቪየቱ ስሚስሎቭ በ15 ተኩል ነጥብ አንደኛ ሲወጣ፣ ፊሸር በግማሽ ነጥብ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛነትን ከጌለርና ከኢቭኮቭ ጋር ተካፈለ።