የውርጭ ምድር ጥንዚዛና የመለያ ወረቀቷ



በስሜን ተራሮች፣ ከአስታው ጫካ በላይ፣ ጓሳና ጅብራ በሚበቅልበት የውርጭ ምድር ድንጋይ ሲገለበጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትረዝም ቡናማ ጥንዚዛ ስትሮጥ ትታያለች። የነፍሳት ሊቃውንት ወገኗን ትሬኩስ ብለው ሰይመውታል። በከፍተኛ ተራሮቻችን የሚኖሩት አብዛኞቹ ትሬኩሶች የመብረሪያ ክንፍ የላቸውም፤ ጠንካራው የላይ ክንፍ ጀርባን ከመሸፈን አያልፍም። ስለዚህ የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ላስታ፣ ስምጥ ሸለቆንም አቋርጦ ወደ ባሌ መዝለቅ የለም። ቆላው ለእነርሱ ባሕር ነው። በአንድ ተራራ ላይ ብቻ የሚገኙት ዝርያዎች የበዙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወገኑን ማወቅ አያስቸግርም፤ በራሷ ላይ እስከ ዓይኖቿ ኋላ የሚታጠፉት ሁለት ጥልቅ ቦዮች ይመሰክራሉ። ዝርያውን መለየት ግን ሌላ ነው። የደረቷ ቅርጽ፣ የክንፏ መስመሮች፣ የጥቂት ጠጉሮች አቀማመጥ ሁሉ ይመረመራል፤ ሆኖም ጎረቤት ዝርያዎች እጅግ ይመሳሰላሉ። ፍርዱ በአመዛኙ የሚገኘው ከወንዱ የመራቢያ አካል ነው። አጥኚው በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን መርፌ አውጥቶ ያጠራዋል፣ ከጎንና ከላይ ይስለዋል፣ ዝርያው መጀመሪያ ከተሰየመበት ናሙና ጋርም ያመሳክረዋል። ብቻዋን የተያዘች ሴት ብዙ ጊዜ ያለ ስም ትቀራለች። ዛሬ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሥራውን ያግዛል፤ ያም ቢሆን ከአሮጌው ናሙና ጋር ማመሳከርን አላስቀረም።

የጉድጓዱ ቁጥርና ጥልቀቱ ያልተጻፈበት የአፈር ናሙና ለመሠረት ሥራ ምን ያህል እንደሚረባ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል። «ኢትዮጵያ» ብቻ የተጻፈባት ጥንዚዛም ከዚያ አትሻልም። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1952-53 ወደ ስሜን ተራሮች ተጉዞ ነበር። የያኔውን ከዛሬው ለማነጻጸር የሚቻለው ሥፍራው፣ ከፍታውና ቀኑ ከናሙናው ጋር ከተጻፈ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የሙዚየም ብቻ አይደለም። አየሩ ሲሞቅ የብርድ ነፍሳት ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ራስ ደጀን ግን ወደ 4,550 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። መኖሪያቸው የሆነው ድንጋይም ለመንገድና ለግንብ ይለቀማል። ያልተለየ ዝርያ ቢጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም።

በከፍታ ላይ የሚሠራ የቅየሳ ጓድ ፈቃድ አግኝቶ፣ አልኮል ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ቢይዝ ለአጥኚዎች ትልቅ እገዛ ነው። ወረቀቱ ከጥንዚዛዋ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ይግባ። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ የተራ ብዕር ቀለም በአልኮል ይለቃል።