የውኃው ምስክር፦ ሄፓቶፓንክሪያስና የአካባቢ ጫና



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ ስሙ ለአንደበት የሚከብድ፣ ሥራው ግን ከስሙም የከበደ አንድ የአካል ክፍል ነው። ሄፓቶፓንክሪያስ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ጉበትንና ቆሽትን በአንድነት ያመለክታል። በሰው ልጅ ጉበትና ቆሽት የተለያዩ ናቸው። በሸርጣንና በሽሪምፕ ግን ምግብ የሚፈጨውም፣ ስብ የሚከማቸውም፣ መርዝ የሚመክነውም በዚህ በአንዱ አካል ነው። በብዙ ዓሦችም፣ በሐይቆቻችን የምናውቀውን ቆሮሶን ጨምሮ፣ የቆሽቱ ህብረ ሕዋስ በጉበቱ ውስጥ የደም ሥሮችን ተከትሎ ተሰራጭቶ ይገኛል።

ይዤ የቀረብሁት ሐሳብ አጭር ነው። የአንድን ሐይቅ ወይም ወንዝ ጤንነት ለማወቅ ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ መመርመር አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። ጠርሙሱ የሚነግረን ውኃው በተቀዳበት ሰዓት የነበረውን ነው፤ የእንስሳው ሆድ ዕቃ ግን የሳምንታትንና የወራትን ታሪክ ይዞ ይቆያል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የአካሉን አሠራር እንመልከት። የሽሪምፕ ሄፓቶፓንክሪያስ አንድ ጫፋቸው ድፍን ከሆነ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ ነው። በድፍኑ ጫፍ አዳዲስ ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ ከዚያም ወደ ቱቦው አፍ እየተገፉ ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዳንዶቹ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞችን ያዘጋጃሉ፤ ሌሎቹ ስብን፣ ግላይኮጅንን እንዲሁም ብረታ ብረትን ያከማቻሉ። ሽሪምፑ ቅርፊቱን በሚቀይርበት ወቅት መብላት ስለሚያቆም የሚኖረው ከዚህ ጎተራ እያወጣ ነው። ጎተራው ከተጎዳ ዕድገቱም ይሰናከላል።

አሁን ወደ ጫናው እንለፍ። መዳብ ለሸርጣን ባዕድ አይደለም፤ በደሙ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞሳያኒን የተባለው ፕሮቲን የሚሠራው በመዳብ ነው። መዳቡ ከልክ ሲያልፍ ወይም ለአካሉ የማይጠቅመው ካድሚየም ሲገባ፣ ሕዋሳቱ ሜታሎታዮኒን የተባለ ፕሮቲን ያመርታሉ። ይህ ፕሮቲን መጀመሪያ የተገኘው በ1957 እ.ኤ.አ. ከፈረስ ኩላሊት ሲሆን፣ ብረቱን አጥብቆ ይዞ ጉዳት እንዳያደርስ ያግደዋል። ይሁን እንጂ መከላከያው በነፃ አይገኝም። ለመከላከያ የዋለው ጉልበት ለዕድገትና ለዕንቁላል ከሚውለው ላይ የተቀነሰ ነው። እንስሳው ሳይሞት፣ ሳይታመምም፣ ቀስ በቀስ ይደኸያል። የአካባቢ ጫና ስንል በአብዛኛው የምንናገረው ስለዚህ ዝምተኛ ድህነት ነው።

የክምችቱን መጠን ለመገመት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የአውሮፓ ኅብረት በሸርጣን ሥጋ ውስጥ ለሚገኝ ካድሚየም ያወጣው ወሰን በኪሎ ግራም 0.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ወሰኑ የሚመለከተው የእግሮቹን ነጭ ሥጋ ነው። ሄፓቶፓንክሪያሱ የሚገኝበት ቡናማው ክፍል በዚህ ወሰን አይዳኝም፤ ካድሚየም የሚከማቸው በዋናነት እዚያ ነውና።

እስቲ ወደ አገራችን እንመለስ። በ1960 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ያቆመው ሐይቅ፣ በአቃቂና በአዋሽ በኩል የአዲስ አበባን ፍሳሽ፣ በሞጆ ወንዝ በኩል ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ይቀበላል። በላዩም ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ይነጠፋል። ይህ ተሕዋስ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የጉበት መርዝ ነው፤ ወደ ጉበት ሕዋስ በራሱ በሕዋሱ አጓጓዦች ተሸክሞ ይገባና የሕዋሱን ውስጣዊ ምሰሶ ያፈርሳል። ነፋስ አረንጓዴውን ምንጣፍ ዛሬ ወደ አንዱ ዳር፣ ነገ ወደ ሌላው ይገፋዋል። ስለዚህ ከአንድ ሥፍራ የተቀዳ ጠርሙስ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በሐይቁ ሲዘዋወር የከረመው የቆሮሶ ጉበት ግን ነፋስ አይለውጠውም።

እንስሳን ምስክር አድርጎ መጥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ጎልድበርግ የተባለው የውቅያኖስ ኬሚስት፣ ሙሰል በተባለው ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል እንስሳ አማካይነት የዓለም ዳርቻዎች ብክለት እንዲመዘን ሐሳብ አቀረበ፤ ከ1986 ጀምሮም በአሜሪካ ዳርቻዎች አገር አቀፍ መርሐ ግብር ሆነ። እኛ ባሕር ባይኖረን ቆሮሶና አምባዛ አሉን፤ በወንዞቻችንም የንጹሕ ውኃ ሸርጣን ይገኛል።

ምስክር ግን መስቀለኛ ጥያቄ ያስፈልገዋል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስያ የሽሪምፕ እርሻዎችን ያወደመውን በሽታ እናስታውስ። የሽሪምፖቹ ሄፓቶፓንክሪያስ ይገረጣል፣ ይጨማደዳል፤ የበሽታው ስምም ከዚሁ ተወስዷል። በ2013 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዶናልድ ላይትነር ቡድን መንስኤው ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳወቀ። የተጎዳ አካል ሁሉ የብክለት ማስረጃ አይደለም ማለት ነው። ረኀብ፣ የመራቢያ ወቅትና ተውሳክም መልኩን ይለውጡታል። ስለሆነም ተመሳሳይ ዝርያ፣ ተመሳሳይ መጠን፣ ተመሳሳይ ወቅት ተመርጦ፣ ከተበከለው ሥፍራ የተገኘው ካልተበከለው ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ፎርማሊን፣ ሰም፣ ስስ መቁረጫና አጉሊ መነጽር ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል አገሬው፤ የዓሣ ሆድ ያባውን የሚያወጣው ግን መርማሪ ዓይን ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ዓሣ አጥማጆች በየሐይቁ ዳር ዓሣ ሲከፍቱ ሆድ ዕቃውን ለወፍ ይጥሉታል። ያ የሚጣለው ሥጋ ውኃውን ለሚጠጣውና ዓሣውን ለሚመገበው ሕዝብ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። እንድታነሡትና እንድታነብቡት አደራ እላችኋለሁ።