ነዳጅ በክንፍ ውስጥ



አቶ አስመላሽ ዘፈሩ የቮልስዋገን ሞተር ገጥመው በሠሯት አውሮፕላን በ2007 ዓ.ም. ለመብረር ሲሞክሩ፣ ከምድር ሳይነሡ ፕሮፔለሯ ተሰበረ። ከእርሳቸው በኋላ የሚመጣ ሠሪ ሩቅ ለመብረር ሲል በክንፎቹ ውስጥ የነዳጅ ታንክ መጨመር ያምረው ይሆናል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ በክንፍ ያለ ነዳጅ በአየር ላይ ክንፉን ወደ ላይ የሚያጎብጠውን ኃይል ያቀልላል። ነገር ግን 100 ሊትር ቤንዚን ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ አንድ ሰው እንደ መጫን ነው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚሉ አየራቸው በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ ቢለካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዚህ መጠባበቂያውን ጨምሮ 20 ሊትር ይበቃል። ትልቅ ታንክ ጎደሎ ሆኖ ቢያድር ደግሞ በደጋ ብርድ ውስጡ ወርዝቶ ውኃ ያቁራል፤ ስለዚህ በታችኛው ጫፉ ማፍሰሻ ይበጅለት፣ ጧትም ሳይነሣ ይፈተሽ።