የቆዳ ሕመምን በፎቶ ማስመርመር ምን ያህል ያስተማምናል?

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁትን ጉዳይ እናነሳለን። ቆዳችን ላይ የወጣውን ነገር በሞባይል ፎቶ አንስተን በኢንተርኔት ብንልክ የሚመጣው መልስ ይታመናል ወይ?

በዓሊ አዴና በሆል ሆል ካምፕ ላላችሁ ጅቡቲ ከተማ ድረስ መምጣት ገንዘብም ጉልበትም ይጠይቃል። ስለዚህ ፎቶ መላኩ አይነቀፍም። ነገር ግን ፎቶ መልክ ያሳያል እንጂ አይዳስስም።

ከራሴ ስህተት ልጀምር። አንዲት እናት በልጃቸው ክንድ ላይ የወጣውን ነጣ ያለ ቦታ ፎቶ አንስተው ከካምፕ ላኩልኝ። እኔም እዚህ ከተማ ሆኜ «ቋቁቻ ነው» ብዬ ቅባት ነገርኳቸው። ከሁለት ወር በኋላ ልጁን በአካል አገኘሁት። ዓይኑን አስጨፍኜ ቦታውን በጥጥ ስነካው አልተሰማውም። ተመርምሮ የሥጋ ደዌ ሆነ። አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ ነው።

የሥጋ ደዌ ይድናል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት በነፃ ይሰጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው ስለማያስተላልፍ ልናገለው አይገባም። ከዘገየ ግን ነርቭን ይጎዳል፤ የደነዘዘ እጅ ወይም እግር ላይድን ይችላል።

እከክም በፎቶ ተራ ሽፍታ ይመስላል። የሚለየው ማሳከኩ ማታ ሲብስ፣ በጣቶች መሃል ሲወጣና ሌላውም የቤት ሰው ሲያክ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ድርቅ በኋላ በአማራ ክልል እከክ ሲዛመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአካል ታይተዋል። ቁንጭርን ለማረጋገጥም ከቁስሉ ናሙና ይወሰዳል።

ፎቶ አይተው በሽታ የሚናገሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችስ? በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳይቷል። የተማሩባቸው ፎቶዎች በብዛት የነጮች ናቸው። በነጭ ቆዳ ላይ የሚቀላው እኛ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል።

እንግዲህ ፎቶ ስትልኩ፦

1. በቀን ብርሃን አንድ ከቅርብ፣ አንድ ከራቅ ብላችሁ አንሱ።
2. መቼ እንደጀመረ፣ ማታ ያሳክክ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ መኖሩንና ምን እንደተቀባችሁ ጻፉ።
3. የልጆችን ራቁት ገላ ለማታውቁት ሰው አትላኩ።
4. በፎቶ ብቻ በተነገራችሁ መሠረት ከሱቅ ቅባት አትግዙ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ማሳከኩን ያስታግሳል፤ በሽታውን ግን ይደብቃል፣ ያባብሳል።

ነጣ ያለ ወይም የቀላ ቦታ ሲነካ ካልተሰማችሁ፣ ቁስል ከወር በላይ ከቆየ ፎቶውን ትታችሁ ወደ ካምፑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሽፍታው ከትኩሳት ጋር ከሆነ፣ ወይም መድኃኒት ከወሰዳችሁ በኋላ አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ ቆዳ ከተላጠ በዚያው ቀን ሂዱ።

ፎቶ «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ለሚለው ጥያቄ ይረዳል። በሽታው ምን እንደሆነ የሚወስነው ግን በአካል የሚያያችሁና የሚዳስሳችሁ የጤና ባለሙያ ነው። ይህን ወረቀት ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።