ፎቶው ውስጥ የሌለው ሰው

ውድ ተመራቂዎች፤

ፀሐዩ በርትቷል፣ ጋዋኑም ጥቁር ነው፤ ስለዚህ አላስረዝምም። እንዲህ የሚል ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያስረዝም አውቃለሁ፤ እናንተ የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ስለ ሥራና ስለ አገር ኃላፊነት ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ነግረዋችኋል። እኔ ስለ አንድ ያረረ ቡና ልንገራችሁ።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ወደ ግቢ ተመልሼ የመጨረሻ ዓመቴን ልጀምር ጥቂት ቀናት ቀርተውኛል። የሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ስለሚተላለፍ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቧል። የቴሌቪዥናችን አንቴና ሰው ካልያዘው አይሠራም፤ ያዡ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናቴ ከሰሉን አቀጣጥላ ቡና ትቆላለች። ሩጫው 25 ዙር ነው፤ 24ቱን እያወራን አሳለፍነው። ደወሉ ሲደወል ግን ወሬው ሁሉ ጠፋ። የኬንያው ፖል ቴርጋት ፈትለክ ብሎ ወጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተከተለው፣ ተጠጋው፣ መስመሩ ላይ ቀደመው። ልዩነታቸው 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ወንድሜ አንቴናውን ለቆ ዘለለ፤ ሥዕሉ ጠፋ፤ እኛ ሽሽ ከሚል ባዶ ቴሌቪዥን ፊት ተቃቅፈን እንጮሃለን። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ መውጣቱን የሰማነው ቆይተን ነው። ከዚያ ጭሱ መጣ።

ብረት ምጣዱ ላይ የቀረው ከሰል ነበር ማለት ይቻላል። በሌላ ቀን ቢሆን እናቴ እንግዳ ፊት ቡና አሳርራ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወድ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቀች፤ ያንኑ ወቅጣ አፈላችው። ከአቦል እስከ በረካ ጠጣነው፣ አንድም ሰው አልተወም። ዛሬም ቤታችን ቡና ሲያርር «ኃይሌ ገባ እንዴ?» እንባባላለን።

የዚያ ቀን ፎቶ የለንም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ተመረቅሁ። ካሜራ ተከራየን፤ አንድ ፊልም፣ 36 ፎቶ። ሁሉም ዛሬም አሉኝ። በአንዱ ላይ ትከሻዬን አቅፎ የሚስቅ ልጅ አለ፤ ከጀርባው በእጄ ጽሑፍ «ለማስታወሻ» ይላል። ስሙን አልጻፍኩም፤ ማን እንደሆነ ጠፍቶኛል።

አባቴ ደግሞ በአንዱም የለም። ቦርሳዬን፣ የእናቴን ጃንጥላ፣ የጓደኞቼን ጃኬት ሁሉ ተሸክሞ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። «አባዬ፣ ና እንጂ!» ስለው «ዕቃውን ማን ይጠብቀው? እናንተ ተነሱ» አለኝ። ተነሳን። አባቴ ካረፈ ቆየ። በአንደኛው ፎቶ ጠርዝ ላይ የኮት እጅጌና የቦርሳዬ ማንገቻ ይታያሉ። ፍሬም አስገብቼ የሰቀልኩት እሱን ነው።

የእናንተ ስልክ 36 ላይ አይቆምም፤ ስለ ብዛቱ አልሰጋም። ግን በቅርቡ ክሊራንስ ጨርሳችሁ የዶርም ቁልፍ ታስረክባላችሁ። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ያጠናችሁበትን፣ ከቤት የተላከ በሶ ለስድስት የበጠበጣችሁበትን ሌሊት ማን ፎቶ አነሳው? እባካችሁ ዛሬ ማታ የዶርም ልጆቻችሁን ስም ከነአባት ጻፉ። በቅጽል ስም እንደምትጠራሩ አውቃለሁ፤ ከ20 ዓመት በኋላ «ቀጮ» ብላችሁ ማንን ታገኛላችሁ?

ጨርሻለሁ። ከድንኳኑ ግራ ጥግ አንድ አባት ቆመው አያለሁ። ሦስት ቦርሳ፣ ሁለት እቅፍ አበባና አንድ ጥንድ የሴት ጫማ ይዘዋል። ልጃቸው የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። የኔ ልጅ፣ ፎቶ ስትነሺ ጥሪያቸው። ዕቃውን እኔ እጠብቃለሁ።